ቀላሉ ባትሪና የአባዬ ሽቦ

ባትሪ ለመምረጥ ያን ያህል ተጨንቄ አላውቅም። ባሌን እንኳን እንደዚያ ተጨንቄ አልመረጥኩትም፤ ብጨነቅ ኖሮ ዛሬ አብሮኝ ይኖር ነበር። ለአንዲት አሮጌ ላዳ፣ ለአንድ እሁድ ጠዋት ብዬ ስንት ሱቅ ዞርኩ፣ ከስንት ሰው ጋር ተጣላሁ! እናቴ «ልጄ አበደች» ብላ የጸሎት ርዕስ አድርጋኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች በሙሉ ስለ እኔና ስለ ባትሪው ጌታን ሲለምኑ ሰንብተዋል።

ነገሩ ግን የባትሪ ጉዳይ አልነበረም፤ የአባዬ ዓይን ጉዳይ ነበር።

አባዬ ዕድሜውን በላዳ ታክሲ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። እኔን ያሳደገችኝም፣ ያስተማረችኝም፣ የዳረችኝም ያቺ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ናት። መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው። ዛሬ ዓለም ባንክ አካባቢ የተማሪ ሰርቪስ እየነዳሁ የምኖረው በእሷ ምክንያት ነው። ታክሲነቷ ሲያበቃ ኮልፌ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች፤ የጎረቤት ዶሮዎች ይሰፍሩባት ጀመር። እኔ ደግሞ ከባሌ ተለያይቼ ወደ ወላጆቼ ቤት ስመለስ የምናደድበት ነገር አጣሁና ሸራውን ገፈፍኩት።

ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ባዶ አስፋልት አለ። መኪና የሚወዱ ልጆች፣ እንደ እኔ ልጅ የማይባሉትም ጭምር፣ አንዳንድ እሁድ ይከራዩትና ጎማ ደርድረው ይሮጡበታል። ትራክ ይሉታል። መንገድ ላይ ሰው ሳይገጩ የልብን የሚያደርሱበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ላዳዋን ይዤ ስገባ ሳቁብኝ። አንዱማ በመስኮቴ አጎንብሶ «እናቴ፣ ኮንትራት መርካቶ ስንት ነው?» አለኝ። «ለአንተ በነፃ ነው፤ ኋላ ኮፈኑ ውስጥ ግባ» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተግባባን።

የአባዬ ነገር በበር መቃን ነው የጀመረው። ዕድሜ ልኩን የገባበትን በር በትከሻው ይመታው ጀመር። ቀጥሎ ከጎኑ ሰው ሰላም ሲለው እንደ ጠፋበት ሰው እየዞረ ይፈልግ ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ግላኮማ ነው አሉን። ዓይኑ ከዳር ወደ መሃል እየተዘጋ ነው፤ የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም አለን ዶክተሩ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሲናገር አላጣደፈንም። እኔ ግን ጠረጴዛውን ብገለብጠው ደስ ባለኝ።

ስንመለስ አባዬ ሰርቪሴ ጋቢና ተቀምጦ ዘነበወርቅ እስክንደርስ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየዞረ ሲያይ ነበር። ከዚያ «መሃሉ ገና ክፍት ነው» አለኝ። «በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው።»

«ይቆያል አባዬ። ጠብታህን ካልረሳህ ይቆያል።»

«አንድ ነገር ልለምንሽ።»

አባዬ ለምኖኝ አያውቅም። ያዛል እንጂ አይለምንም።

«ላዳዋን ዕድሜዬን ሙሉ ቤንዚን እየቆጠብኩ ነው የነዳኋት» አለ። «የፍጥነት መርፌዋ ከግማሽ በላይ ስትወጣ አይቼ አላውቅም። እስቲ አንድ ቀን በሙሉ አቅሟ ስትሮጥ ልያት። ምን እንደምትችል ሳላይ ዓይኔ ሊዘጋ ነው።»

«ዳር ቆመህ ታያለህ?»

«ዳር ምን አለኝ! ጋቢና ተቀምጬ ነው እንጂ።»

ትራኩ ላይ በመጨረሻው ዙር፣ የራስ ቁርና ቀበቶ እስካደረገ ድረስ፣ አንድ ሰው ከጎን መጫን ይፈቀዳል። ክረምቱ እየመጣ ነበር። ክረምት ከገባ ደግሞ አስፋልቱ ውሃ ስለሚተኛበት እስከ መስከረም ሩጫ የለም። ስለዚህ የቀረችን አንዲት እሁድ ነበረች። እስከ መስከረም የአባዬ ዓይን ይጠብቀን አይጠብቀን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

እንግዲህ አባዬ ቀጭን ሰው አይደለም። ከተማችን ደግሞ ከፍታ ላይ ናት፤ ሰውም ሞተርም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ላዳዋማ ዳገት ባየች ቁጥር እንደ አስም በሽተኛ ነው የምታቃስተው። አባዬን ጭኜ በሙሉ አቅሟ ላስሮጣት ካልኩ ሌላ ሸክም ማውረድ ነበረብኝ። የኋላ ወንበሩን አወጣሁ፤ ትርፍ ጎማውን፣ ምንጣፉን፣ የጣሪያውን ፖርታ ባጋጅ፣ ሬዲዮኑን ሳይቀር ነቀልኩ። የቀረኝ ባትሪው ነበር። የድሮ የእርሳስ ባትሪ፣ አፍንጫዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ። ኩርባ ላይ መሪውን ስጠመዝዘው እሷ በአፍንጫዋ ወደ ፊት መሄድ ነው የሚቀናት።

«ባትሪ ከምታቀልዪ አባትሽን አስጹሚው» አለች እማዬ። «ለነፍሱም ይበጀዋል።»

«ያንቺን ወጥ እየበላሁ ሌላ ጾም ምን ይጨምርልኛል?» አለ አባዬ።

ሊቲየም የሚባለውን ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ የሚያብረቀርቅ ነገር ከመደርደሪያ አወረደልኝ። ጎኑ ላይ ክብደቱ ተጽፏል። ሳነሳው ክንዴ ረገበ። ዝም ብዬ አቅፌው ወጣሁና መንገድ ዳር ያለችውን የሽንኩርት ነጋዴ ሚዛኗን ለመንኳት። ከተጻፈው ከእጥፍ በላይ! መልሼ አመጣሁለት።

«ፕላስቲኩ ነው ያከበደው» አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ድንቄም ፕላስቲክ!» ብዬ ጆሮው ላይ ነቀነቅኩለት። ውስጡ እንደ ውሃ ጀሪካን ይንቦጫረቃል። ተራውን የአሲድ ባትሪ ነው አዲስ ልብስ አልብሶ ሊሸጥልኝ የነበረው። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ እማዬ ማንበብ ትችላለች።

ሁለተኛው ሰውዬ በእጁ የሚገጣጥም ነው። ከተጋጩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ያወጣቸውን ሴሎች በፕላስተር ጠቅልሎ ባትሪ ይሠራል። ይሄኛውስ እውነትም ቀላል ነበር፤ አንድ ዳቦ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ዋጋውም ደህና ነው። ልስማማ ስል ጣቴ አንድ እብጠት ነካ። አንደኛው ሴል ሆዱ ተነፍቷል።

«እሱ ትንሽ ጋዝ ነው፤ ሲሠራ ይበርዳል» አለኝ።

እዚያው ቆሜ አባዬ ታየኝ። በቀበቶ ታስሮ፣ ጭስ ጋቢናውን ሞልቶት፣ የበሩን እጀታ በዳበሳ ሲፈልግ። ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጬ፣ ያለ ምንም ስድብ፣ ወጣሁ። እኔ ሳልሳደብ ከወጣሁ በጣም ፈርቻለሁ ማለት ነው።

ሦስተኛው ለኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ነበር። እስከዚያ ድረስ ብዙ አንብቤ ስለነበር ሊቲየም ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። አንዱ ዓይነት ሲቆጣ የማይመለስ ነው፤ ሌላው፣ ብረት ያለበት፣ ትዕግሥተኛ ነው። ትዕግሥተኛውን ነው የጠየቅኩት። ሰውዬው ሲያስረዳኝ ውስጡ እንደ ዘበኛ የሚጠብቀው ነገር አለው አለኝ፤ ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ ባዶውን ሲቀር፣ ወይም ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተነካክተው ኮንታክት ሲያደርግ በሩን ራሱ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ቢጋጭስ? ቢሞቅስ? ያረጀ ዲናሞ አብዝቶ ቢሞላውስ? ጥያቄዬ አላልቅ አለው።

«ሴትዮ፣ መኪና ነው ወይስ አውሮፕላን?»

«አባቴ ነው የሚቀመጥበት» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አላሾፈም። እንዲያውም የላዳዋን የዲናሞ መቆጣጠሪያ ካልቀየርሽ አልሸጥልሽም ብሎ ድርቅ አለ። ቀየርኩት።

ቤት ይዤ ስገባ አባዬ በአንድ እጁ አንስቶ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ወርወር አደረገው። «ይሄ ባትሪ ነው ወይስ ምሳ ዕቃ?» አለ። በጣቶቹ ዙሪያውን ዳበሰው፤ የውሃ መጨመሪያ ክዳን ፈልጎ አጣ። ፊቱ ላይ ጥርጣሬ አየሁ። ገጥሜ ቁልፉን ሳዞረው ማስነሻ ሞተሪኖው አንዴ እህ ብሎ ሞተሩ ተነሳ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን እንዳላመነ ያስታውቅበታል። አሮጌውን ባትሪ በራፋችን አጠገብ ጣውላ ላይ አስቀመጠው። «ይኑር» አለ። እኔም ባትሪውን ማንም እንዳይነካው ብዬ ለግቢው ሁሉ አወጅኩ። አባዬ ግን ማንም ሲባል ራሱን ጨምሮ ቆጥሮ አያውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ሽቦው መናገር አለብኝ። የድሮ ታክሲ ነጂዎች ማታ ማታ ሌባ እንዳያስነሳባቸው የባትሪውን ገመድ ይነቅሉ ነበር። ጠዋት ደግሞ ከመግጠማቸው በፊት ይፈትሹታል፤ መለኪያ የለ፣ ምን የለ። አባዬ መሃሏ በፕላስተር የተጠቀለለች ወፍራም የመዳብ ሽቦ አለችው። በራፉ ላይ ሚስማር ላይ ነው የምትሰቀለው። አንዱን ጫፍ ከፖዘቲቩ ያስነካና ሌላውን ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ ጠቅ ያደርገዋል። ደህና ባትሪ ከሆነ ሰማያዊና ብርቱካን ብልጭታ ፍንጥቅጥቅ ይላል። ልጅ ሆኜ የምነቃው በዚያ ድምፅ ነበር። «በል እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና ገመዱን ገጥሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። ዕድሜውን ሙሉ ቀኑን የጀመረው ብልጭታ አይቶ ነው።

እሁድ ደረሰች። እማዬ በጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ለብሳለች፤ እኛ ደግሞ ለትራክ። በእሁድ ቀን ስለሆነ ተቀይማኛለች፤ ግን ኩርፊያዋን እንደያዘች ለአባዬ ስንቅ ቋጥራለታለች። አባዬ ከሁላችንም ቀድሞ ተነስቶ የታክሲ ዘመን ካፖርቱን ለብሶ ነበር። እኔ ጓዳ ሆኜ ዳቦ ስቆርጥ ወደ ግቢ ሲወጣ ሰማሁት። ኮፈኑ ሲከፈት ሰማሁ። ዘይቱን ሊያይ ነው ብዬ አልጠረጠርኩም።

ተመልሶ ሲገባ ካፖርቱን አወለቀ። በዝግታ አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ራሱ ተቀመጠ።

«እኔ እንኳን አልሄድም» አለ።

«እንዴ! ምን ማለት ነው አልሄድም?»

«አልሄድም ማለት አልሄድም ነው። አንቺ ሂጂ።»

«አመመህ?»

«አላመመኝም። ተዪኝ።»

እማዬ ጌታ ጸሎቷን የሰማ ስለመሰላት «ሃሌ ሉያ» ልትል አፏን ከፍታ ሁኔታውን ስታይ ዘጋችው። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ጉልበቱን በሁለት እጆቹ ይዟል። ያን ያህል አርጅቶ አይቼው አላውቅም።

እኔ ስደነግጥ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። «ይሄን ሁሉ ጊዜ የለፋሁት ለማን ነው? ለጎረቤት ዶሮ ነው?» ብዬ እየጮህኩ ወጣሁ። መኪናዋን አስነስቼ ድምፅ ሳሰማው ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ ቁልፉን አዞርኩ።

ምንም። ጠቅ እንኳን የለም። መብራት የለም፤ ክላክስ የለም። ላዳዋ ሬሳ ሆናለች።

ጉድ ፈላ! ኮፈኑን ከፍቼ ገመዶቹን ነቀነቅኩ፤ ጥብቅ ናቸው። መለኪያዬን አምጥቼ ባትሪው ላይ ሳስቀምጠው ባዶ ሆነብኝ። ያን ሁሉ ሱቅ ዞሬ፣ ያን ሁሉ ጠይቄ፣ ያን ሁሉ ተከራክሬ የመረጥኩት ባትሪ በዋናው ቀን ሞተብኝ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ይሄን ነው። አስመጪውን ረገምኩ፣ ሞተር ሳይክሉን ረገምኩ፣ ሊቲየምን ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩ። ጎማውን በእግሬ መታሁና አውራ ጣቴን አሳመምኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ነው፤ ያስፈራኝ እኮ ቤት ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ሰው ነበር።

ልቤ በረድ ሲል አጎንብሼ ባትሪውን በደንብ አየሁት። የኔጌቲቩ ራስ ላይ፣ አዲስና ንጹህ በሆነው ብረት ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ትናንት አልነበረችም። ዞር ብዬ በራፉን ሳይ ሽቦዋ ሚስማሯ ላይ የለችም። ከጣውላው አጠገብ መሬት ላይ ወድቃለች። አባዬ ደግሞ ሽቦዋን መሬት ላይ ጥሏት አያውቅም።

ገባኝ። ባትሪው አልሞተም። ኮንታክት ሲሰማው ዘበኛው በሩን ጠርቅሞበታል፤ ሰውዬው እንደነገረኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት እየሮጥኩ ገባሁ።

«አባዬ! በሽቦው ነክተኸዋል አይደል?»

ይብሱን ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አልቆጣም። ንገረኝ።»

«ነካሁት» አለ ወደ ግድግዳው።

«አሃ! እና እኮ ባትሪው ደህና ነው! የተኛ ነው እንጂ...»

«ባትሪው ደህና እንደሆነ አውቃለሁ» አለ ቁጣ ባለው ድምፅ። «ጠቅ ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እኔ ነኝ ያላየሁት።»

እማዬ ስንቁን አስቀመጠች።

«ዓይኔ ሥሩ ነበር፣ እዚህ ድረስ ተጠግቼ ነበር» አለ አባዬ እጁን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ። «ድምፁን ሰማሁ። ብልጭታው የለም። መሃሉም ሄዷል። እንግዲህ ጋቢና ተቀምጬ ምን አያለሁ? አልቋል። ተዉኝ።»

እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። ያ ባትሪ እንደ ድሮው ብልጭታውን የሚረጭ አይደለም፤ ገና ሲነካ ጠቅ ብሎ ይዘጋል፤ የምታየው ነገር ቢኖር የመርፌ ጫፍ የምታህል፣ ያውም በፀሐይ፣ ያውም ከሽቦው ጫፍ ሥር። እኔም ብሆን ላላያት እችላለሁ። ይሄን ሁሉ እየተንተባተብኩ ነገርኩት።

«ለማጽናናት አትዋሺኝ» አለ።

«እውነቴን ነው አባዬ!»

«ብልጭታ የማይሰጥ ባትሪ የለም። ይሄን ሥራ ስንት ዓመት ሠርቼዋለሁ? አትዋሺኝ አልኩ!»

የድሮው ባትሪ ጣውላው ላይ ነበር። ከአሮጌው አስነክቼ ካላነቃሁት በስተቀር ቀላሉ እንደማይነሳ አውቃለሁ፤ ያ ቀላል ነው፣ ሁለት ገመድ ነው። ከባዱ ሌላው ነው። ሽቦውን ለአባዬ ሰጥቼው አሮጌውን ባትሪ እንዲነካ ማድረግ እችላለሁ። ካየ፣ እውነት እንደተናገርኩ ያውቃል። ግን ባያይስ? ዓይኑ እውነትም በዚያ ሳምንት ሄዶ ቢሆንስ? አሁን ጥርጣሬ አለው፤ ያኔ ጥርጣሬም አይኖረውም። እኔ ነኝ በገዛ እጄ ሽቦ አስጨብጬ መታወሩን የማረጋግጥለት።

እማዬን አየኋት። እሷም አየችኝ። ከዚያ ራሷ ሄዳ አባዬን ብብቱን ይዛ አስነሳችው። «ተነስ» አለችው። «እኔ አርባ ቀን የጸለይኩት ግድግዳ እንድታይ አይደለም።»

ወደ ግቢ ወጣን። ሽቦውን ከመሬት አንስቼ በቀሚሴ ጠረግኩት። አባዬ ጣውላው ሥር በርከክ አለ፤ ባትሪውን በእጁ ፈልጎ አገኘው፤ አንዱን ጫፍ ፖዘቲቩ ላይ ያዘ። ሽቦውን ልይዝለት ስል በክርኑ ገፋኝ። ሌላኛውን ጫፍ ወደ ኔጌቲቩ አስጠጋ። እዚያ ላይ አቆመው። ትንፋሹን እሰማዋለሁ።

ነካው።

ቻ! ብሎ ተፈናጠረ፤ ሰማያዊና ብርቱካን፣ እንደ ልጅነቴ። አባዬ ራሱን ወደ ኋላ ሳብ አደረገና በቂጡ ቁጭ አለ። ቃል ከአፉ ሳይወጣ ነው የሸሸው። ሰው ደግሞ ያላየውን አይሸሽም። እኔ ያመንኩት ያኔ ነው።

«አየሁት» አለ መሬት ላይ እንደተቀመጠ። «አየሁት እኮ!»

እማዬ ጮኸች። እኔም ጮህኩ። ጎረቤት እሳት የተነሳ መስሎት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። አባዬ ደግሞ እየሳቀ ወደ ላዳዋ እየጠቆመ «ያኛው ሌባ! ያኛው አጭበርባሪ ባትሪ!» ይላል፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ሁለቱን ባትሪዎች በገመድ አገናኘሁ፤ ዘበኛው በሩን ከፈተ፤ ላዳዋ ተነሳች። እማዬ ከነቤተ ክርስቲያን ልብሷ «እኔም እመጣለሁ» አለች። የኋላ ወንበር የለም እኮ ብላት «እንግዲያው ጸሎቴ ይምጣ» ብላ በሩን በኃይል ዘጋችብን።

የመጨረሻው ዙር ላይ አባዬን ጋቢና አስቀምጬ ቀበቶውን ራሴ አሰርኩለት። የራስ ቁሩ ሰፍቶት ይወዛወዛል። ስንወጣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ እሱ ማርሹን በጆሮው ይከተላል፤ «አሁን!» ይላል ገና ሳልቀይር። ረጅሙ ቀጥታ ላይ ስንገባ እግሬን እስከ ወለሉ አወረድኩት። ላዳዋ አቃሰተች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ትንፋሿ ተከፈተ። አባዬ ወደ መንገዱ የሚያይ መስሎኝ ነበር። አንገቱን አስግጎ ሲያይ የነበረው ግን መርፌዋን ነው። ግማሹን አለፈች። ዕድሜውን ሙሉ ያልደረሰችበት ቁጥር ላይ ደረሰች፤ እሱንም አለፈች።

«በያት!» ብሎ ጮኸ አባቴ። «በያት የኔ ልጅ!»

ኩርባው ላይ አፍንጫዋ እሺ ብላ ታጠፈች። ያ ምሳ ዕቃ የሚያህል ባትሪ የሚገባውን ሠራ።

ስንቆም አባዬ ወዲያው አልወረደም። የራስ ቁሩን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «በጎን ምንም አላየሁም» አለኝ። «ለመሮጥ ግን ፊት ለፊቱ ይበቃል።» ኮንትራት ስንት ነው ያለኝ ልጅ መጥቶ በሩን ከፈተለትና «ፋዘር፣ እንዴት ነበር?» አለው። አባዬ ትከሻውን ይዞ ቆመና «ይሄን ሁሉ ዓመት ስታታልለኝ ነበር» አለ፤ ስለ ላዳዋ ነው።

ቀላሉን ባትሪ ላዳዋ ላይ ተውኩት። አሮጌው ጣውላው ላይ ቀረ፤ ቻርጅ የማደርገው እኔ ነኝ። ምክንያቱም ከዚያ እሁድ ወዲህ አባዬ በየጠዋቱ ይወጣና ሽቦዋን ከሚስማሯ አውርዶ ብልጭታውን ይፈትሻል። እኔ ከጓዳ «እህስ?» እላለሁ። «አየሁት!» ይላል። እማዬን የሚያናድዳት ይመስላል፤ «ጠዋት ጠዋት እሳት የሚጫወት ሽማግሌ» ትላለች። ግን ድምፁን ሳትሰማ ሻይዋን አታነሳም። ክረምቱን ሁሉ እንዲህ አለፍን። ዝናብ ሲሆን ጣውላውን ወደ በረንዳው እስበዋለሁ። ብልጭታው ቻ ይላል፤ «እህስ?» «አየሁት!»

አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆሞ ግቢው ገና እርጥብ እያለ፣ ቻ ሲል ሰማሁ።

«እህስ?» አልኩ።

እንደገና ቻ አለ። እማዬ ስኒዋ ላይ እጇን እንዳሳረፈች ወደ በሩ ዞረች። እኔ ቢላውን ይዤ ቆምኩ፤ ዳቦው ግማሽ ላይ ቀርቷል።

«ነይማ» አለ አባዬ ከውጭ፤ ድምፁ እንደወትሮው ነበር።

ወጣሁ። ጣውላው ሥር በርከክ ብሎ ሽቦዋን ወደ እኔ ዘርግቷል፤ ትንሽ አልፎኝ፣ ወደ አጥሩ።

«ዛሬ አንቺ እዪልኝ» አለኝ።

ከእጁ ተቀበልኩት። አጠገቡ በርከክ ብዬ አስነካሁት። ፍንጥቅጥቅ አለ።

«አየሽው?»

«አየሁት አባዬ።»

«ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው።»

እጁን ወደ ባትሪው ሰደደና ጎኑን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረገው።

«እንግዲያው ባትሪው ደህና ነው» አለኝ።